ግማሹ በሳጥኑ ይቀራል

ደሴ ከተማ ውስጥ፣ ሆጤ ላይ የድጋፍ ግንብ የሚገነባበት ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው። የጦሳ ተራራም ባዛልት ነው፤ አዝዋ ገደልም እንዲሁ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ጠመዝማዛ ስንወርድ በመንገዱ ጥግ ተነባብሮ የምናየው አለትም ያው ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ምድር ተሰንጥቃ ያፈሰሰችው ቅልጥ አለት፣ አንዱ ፍሳሽ በሌላው ላይ እየተኛ፣ አብዛኛው በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ የሰሜኑን ደጋ ሠራው። ውፍረቱ በአንዳንድ ቦታ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከሥሩ ዐባይ ሸለቆ ውስጥ ተቆርጦ የሚታየው የኖራ ድንጋይና የአሸዋ ድንጋይ አለ። ከሁሉም በታች ደግሞ በሌላው የአገሪቱ ክፍል መዳብና ወርቅ የሚገኝበት ጥንታዊው አለት ተኝቷል።

ስለዚህ ወሎ ላይ ተቀምጦ ስለ መዳብና ወርቅ ፍለጋ የሚጽፍ ሰው ክዳን ላይ ተቀምጦ ነው የሚጽፈው። ክዳኑ ራሱ ባዶ ነው ማለቴ አይደለም። በ2008 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ደላንታ ውስጥ ወገል ጤና አካባቢ የተገኘው ኦፓል ዓለምን አስገርሟል። ያ ሁሉ ቀለም የወጣው በገደሉ ወገብ ላይ ከሚያልፍ አንድ ቀጭን የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብር ነው፤ ከላዩም ከታቹም ብዙ መቶ ሜትር አለት አለ፣ ኦፓሉ ግን በዚያች ንብርብር ብቻ። የደላንታ ወጣቶች ያችን ንብርብር ገደል ለገደል እየተከተሉ በእጃቸው ይቆፍራሉ። የትኛው ንብርብር እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ራሱ ሙያ ነው።

መዳብና ወርቁን ለማየት ግን ክዳኑ ወደ ተገፈፈበት መሄድ ያስፈልጋል፤ ወደ ሰሜን ምዕራብ ትግራይ፣ ሽሬ አካባቢ፣ ተራኪምቲ ወደሚባለው ቦታ። ስለዚያ ቦታ ሲወራ ሰው የሚጠይቀው ስንት ቶን፣ ስንት ወቄት እያለ ነው። እኔ ማወደስ የምፈልገው ከቁጥሩ በፊት ያለውን ሥራ ነው። አለት አይቶ፣ ለክቶ፣ ጽፎ፣ ያየውን ከገመተው ለይቶ የሚያስቀምጥ ሰው የሚሠራውን ሥራ። ጥሩ ሸማኔ ወይም ጥሩ ጠራቢ የሚመሰገንበት አገር ይህን ሙያ አያውቀውም ማለት ይቻላል፤ ሥራው ከሰው ዓይን ርቆ፣ በሳጥንና በወረቀት ውስጥ ስለሚቀር ይመስለኛል።

የእኛን ክዳን በሥርዓት ካነበቡት ቀደምት ሰዎች አንዱ ከጠላት ጦር ጋር ነው የመጣው። ዊልያም ብላንፎርድ የሕንድ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ባልደረባ ነበር። በ1868 የናፒየር ጦር ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ከቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ከዙላ ተነስቶ ወደ መቅደላ ሲገሰግስ ብላንፎርድ መዶሻውን ይዞ አብሮ ወጣ። ሰንዓፈ፣ አዲግራት፣ አንጣሎ፣ አሸንጌ፣ ከዚያ መቅደላ። መንገዱን የመረጠው ጦሩ ነው፤ እሱ ማየት የሚችለው በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን ብቻ ነበር። ያም ሆኖ በ1870 ለንደን ላይ ባሳተመው መጽሐፍ ያስቀመጠው ቅደም ተከተል እስከ ዛሬ ይሠራል። ከታች የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ፣ በላዩ የአንጣሎ ኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ አለት። እነዚህ ስሞች ዛሬ የኢትዮጵያ ተማሪ በመጀመሪያው የጂኦሎጂ ትምህርቱ የሚሰማቸው ናቸው።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ በጥቁሩ አለት ውስጥ ያሰመረው መስመር ነው። ለተራ ዓይን ከአሸንጌ እስከ መቅደላ ያለው ሁሉ አንድ ነው፤ ጥቁር ድንጋይ በጥቁር ድንጋይ ላይ። ብላንፎርድ ግን የታችኛው ንብርብር ዘመም ብሎ፣ የላይኛው አግድም ተኝቶ አየው። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከፈሰሱ የላይኛው ተቃንቶ የታችኛው ሊዘም አይችልም። የታችኛው ፈሰሰ፣ ደረቀ፣ ዘመመ፣ ተሸረሸረ፤ ከዚያ በኋላ ነው የላይኛው የመጣው። በመካከላቸው ዘመን አለ። የታችኛውን የአሸንጌ ምድብ፣ የላይኛውን የመቅደላ ምድብ አለው። ቴዎድሮስ ራሱን የሠዋበት አምባ ስም በዚያው ሰሞን የአለት ምድብ ስም ሆነ። የመጣበትን ጦር አንወደውም፤ መስመሩ ግን በጥንቃቄ የተሰመረ ነው። በ1970ዎቹ ጣሊያናውያኑ ዛኔቲንና ዩስቲን ቪዘንቲን የላይኛውን ዓይባ፣ አላጂ፣ ጣርማበር ብለው ሲከፋፍሉት የአሸንጌን ስም ይዘው ነው የቀጠሉት። አንድ ሰው ከበቅሎ ላይ እየወረደ ያየው ነገር መቶ ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ሥራውን የሚጀምርበት ወለል ሆነ።

ጥንታዊው አለት ተራው የደረሰው ዘግይቶ ነው። የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ በማዕድን ሚኒስቴር ሥር የተቋቋመው በ1968 ነው። በ1971 አርኪን፣ ቤይት፣ ዳው፣ ሌቪት፣ ተመስገን ኃይሌና ፀጋዬ ኃይሉ የመቀሌን አካባቢ በ1፡250,000 ካርታ አወጡ። በ1973 ደግሞ ሩሲያዊው ካዝሚን አገሪቱን በሙሉ በ1፡2,000,000 በአንድ ወረቀት ላይ አሰፈራት። ሁለተኛውን እትም በ1996 ሦስት ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች፣ መንገሻ ተፈራ፣ ታዲዎስ ቸርነትና ወርቅነህ ሃሮ በስማቸው ፈርመው አወጡት።

እንዲህ ዓይነት ካርታ የሚያይ ሰው መጀመሪያ የሚማርከው ቀለሙ ነው። እኔ ግን ቀለሞቹ የሚገናኙበትን ቀጭን መስመር እንዲያይ እለምነዋለሁ። መስመሩ አንዳንድ ቦታ ያልተቋረጠ ነው፤ እዚያ ጂኦሎጂስቱ ሁለቱ አለቶች ሲገናኙ በዓይኑ አይቷል ማለት ነው። አንዳንድ ቦታ መስመሩ ይቆራረጣል፤ እዚያ ገምቷል። ነጠብጣብ በሆነበት ቦታ ደግሞ መገናኛው በአፈር ወይም በደለል ተሸፍኗል። አንዱን መስመር ሳይቆራርጥ እስከ ዳር ቢስበው ካርታው ያምር ነበር፣ የሚጠይቀውም አይኖርም ነበር። የቆራረጠው ከእሱ በኋላ በዚያ ዳገት ለሚወጣው ሰው ብሎ ነው። በዚህ ሙያ ከማውቃቸው ነገሮች ሁሉ ይህን የሚያህል ጨዋነት ያለው የለም።

እነዚህ ካርታዎች ትግራይ ውስጥ ጸሊየት እና ተምቤን በሚሉ ስሞች ሁለት ጥንታዊ ምድቦችን ለይተዋል። ተምቤን ከላይ ነው፤ የጭቃና የኖራ ድንጋይ ሆኖ ከባሕር ወለል የተነሳ። ጸሊየት ከታች ነው፤ እሳተ ገሞራ የሠራው፣ ኋላ በሙቀትና በጫና የተለወጠ አለት። ዕድሜው ከ700 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። ያኔ እዚህ ደጋ አልነበረም፤ አንዱ አህጉር ወደ ሌላው እየተጠጋ የሚያጠበው ውቅያኖስ ነበር፣ በውስጡም የእሳተ ገሞራ ደሴቶች ሰንሰለት። ተራኪምቲ ዛሬ ሜዳና ኮረብታ ይሁን እንጂ መዳቡ የተወለደው ባሕር ሥር ነው።

አወላለዱን ሰዎች በዓይናቸው ያዩት ቅርብ ጊዜ ነው። በ1979 በፓሲፊክ ውቅያኖስ ወለል ላይ በጠላቂ ጀልባ የወረዱ ሳይንቲስቶች ከወለሉ ጥቁር ጢስ የሚመስል ውኃ ሲትጎለጎል አገኙ፤ ሙቀቱ 350 ዲግሪ ገደማ። የባሕር ውኃ በስንጥቅ ወርዶ፣ ከታች ባለው ቅልጥ አለት ሞቆ፣ መዳብ፣ ዚንክ፣ ብረትና ወርቅ ከአለቱ አሟሙቶ ይወጣል፤ ከቀዝቃዛው ባሕር ጋር ሲገናኝ የያዘውን ሁሉ ከድኝ ጋር አጣምሮ እዚያው ይጥላል። ሩቅም መሄድ አያስፈልግም። ቀይ ባሕር ውስጥ፣ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ፣ አትላንቲስ ሁለት በሚባለው ጉድጓድ ብረታ ብረት ያዘለ ሙቅ ጨዋማ ውኃ ዛሬም ተኝቷል። በጸሊየት ዘመን የሆነው የዚህ ዘመድ ነው። ከባሕሩ ወለል ላይ የተከማቸው የድኝና የብረታ ብረት ክምር በእሳተ ገሞራ አመድ ተቀበረ፤ ውቅያኖሱ ሲዘጋ ታጠፈ፣ ቆመ፣ ተጨፈለቀ፤ ኋላ ተራራው ሲሸረሸር አናቱ ከፀሐይ ጋር ተገናኘ።

ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ የሚሆነውን በቅርብ ላሳይ። እጅ ላይ የምይዘው ቁራጭ ጎሳን ይባላል። ቀለሙ ከደረቀ ደም እስከ ብጫ አፈር ይሄዳል፤ ጥቁር ቡናማ ቦታም አለው። ውስጡ የተቦረቦረ ስለሆነ ዓይን ከሚገምተው ይልቅ ቀላል ነው። አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ወደ አንዷ ቀዳዳ ሲታይ ግድግዳዎቿ ቀጥ ያሉ፣ ማዕዘን የሠሩ፣ ከወረቀት የቀጠኑ ናቸው። ክፍሏ ባለ አራት ማዕዘን ናት። በዚያች ክፍል ውስጥ አንድ ጊዜ የፓይራይት ክሪስታል ይኖር ነበር። ፓይራይት ብረትና ድኝ ነው፤ ዝናብና አየር ሲያገኘው ድኙ ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል። አሲዱ ዙሪያውን ያለውን መዳብና ዚንክ አሟሙቶ ይዞ ይወርዳል። ብረቱ ዝጎ ግድግዳ ሆኖ ይቀራል፤ ባለቤቱ ሄዶ ክፍሉ ቀረ። ወርቁ ግን አይሟሟም፤ ሌላው ሲሄድ እሱ በቦታው እየቀረ ድርሻው ይበዛል።

የወረደው መዳብ አይጠፋም። ከርሰ ምድር ውኃው ጋ ሲደርስ አየር ያጣና ካልኮሳይት በሚባል ጠቆር ባለ ማዕድን መልክ ተመልሶ ይቀመጣል፤ እዚያ መዳቡ ከመጀመሪያው የበለጸገ ነው። ከዚያ በታች ዝናቡ ያልነካው የባሕሩ ክምር እንዳለ አለ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቦታ ሦስት ደርብ አለው፤ ላይ ወርቅ፣ መሃል መዳብ፣ ታች መዳብና ዚንክ ከወርቅና ከብር ጋር። ከድንበሩ ማዶ ኤርትራ ውስጥ ቢሻ የተባለው ማዕድን ይህን በሥራ አሳይቷል፤ በ2011 ወርቅ በማምረት ጀመረ፣ በ2013 ወደ መዳብ ዞረ፣ በ2016 ዚንክ ጨመረ። ሥራው ደርብ ለደርብ ወረደ። ተራኪምቲ ከቢሻ ቢያንስም የዚያው ቤተሰብ ነው።

እንግዲህ ሙያው እዚህ ይጀምራል። ቀይ ድንጋይ በአገራችን ሞልቷል። ዝናብ የበዛበት ባዛልት ላይም ቀይ የብረት ቅርፊት ይወጣል፤ ምንም መዳብ ከሥሩ የለም። ሁለቱን ከሩቅ የሚለይ የለም። ጂኦሎጂስቱ ተንበርክኮ፣ ድንጋዩን ሰብሮ፣ ትኩስ ስባሪው ላይ ምራቁን ቀብቶ በመነጽር ክፍሎቹን ይፈልጋል። ባለ ማዕዘን ክፍል ካገኘ፣ ከጎኑ ያለው አለት ነጥቶ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ከተለወጠ፣ ስንጥቅ ላይ የማላካይት (የዛገ መዳብ) አረንጓዴ ከታየ፣ ልቡ መምታት ይጀምራል። ያኔም ቢሆን በማስታወሻው የሚጽፈው ያየውን ነው።

ከጎሳን እስከ ቁፋሮ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። የወንዝ ደለል ናሙና ይሰበሰባል፣ አፈር በመስመር በመስመር ይለቀማል፣ ሄሊኮፕተር ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ አለት ከሥር እንዳለ የሚያዳምጥ ቀለበት እያንጠለጠለ ያልፋል። ሰልፋይድ፣ ማለትም ከድኝ ጋር የተጣመረው ብረታ ብረት፣ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ግራፋይት ያለበት ጥቁር አለትም ያስተላልፋል፤ ስለዚህ መሣሪያው ብቻውን ብዙ ሰው አሳስቷል። ተራኪምቲ ላይ በ2010ዎቹ መጀመሪያ ታይግራይ ሪሶርስስ የተባለ የካናዳ ኩባንያ ቆፈረ፤ በ2014 ኢስት አፍሪካ ሜታልስ ጠቀለለው፤ በ2017 ለላይኛው፣ ለዛገው የወርቅ ደርብ የማዕድን ማምረት ፈቃድ ተሰጠ። በ2019 በዚያው አካባቢ ለማቶ ቡላና ለዳ ታምቡክ ፈቃድ ተጨመረ።

አሁን ወደ ኮሩ ልምጣ፤ ለመጻፍ ያነሳሳኝ እሱ ነው።

ኮር ማለት ጫፉ አልማዝ የተቀበረበት ባዶ ቱቦ እየተሽከረከረ ሲወርድ መሃሉ ላይ ሳይነካ የሚተርፈው ድንጋይ ነው። በብዙ ቦታ ውፍረቱ 47.6 ሚሊ ሜትር ነው። ቆፋሪው በሦስት ሜትር በሦስት ሜትር እያወጣ በረድፍ ወደ ተከፋፈለ ሳጥን ይገለብጠዋል፤ በእያንዳንዱ ማውጫ መጨረሻ ጥልቀቱ የተጻፈበት ቁራጭ እንጨት ያስቀምጣል። ጂኦሎጂስቱ ሳጥኑን ከተቀበለ በኋላ የመጀመሪያ ሥራው መገጣጠም ነው። ኮሩ ሲወጣ ተሰባብሯል፤ እያንዳንዱን ስባሪ አንስቶ ከጎረቤቱ ጋር ጥርስ ለጥርስ እስኪገጥም ያዞረዋል። ከገጠመ በኋላ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሰም እርሳስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያሰምራል፤ ወደ ጉድጓዱ ጥልቀት የሚያመለክት ቀስትም ያደርግበታል። ያ መስመር ስባሪዎቹ ምድር ውስጥ እርስ በርሳቸው እንዴት ተያይዘው እንደነበሩ የሚነግር ምስክር ነው።

ከዚያ ሜትሩን ዘርግቶ ይለካል። ቆፋሪው ሦስት ሜትር ወረድኩ ብሎ እንጨቱ ላይ ጽፏል፤ ሳጥኑ ውስጥ ግን ሁለት ሜትር ከስድሳ ነው ያለው እንበል። አርባ ሳንቲ ሜትር የት ሄደ? አለቱ ለስላሳ ስለነበረ ውኃው አጥቦታል፤ ምናልባትም የታጠበው ከሁሉ የበለጸገው ነው፣ ወይም ምንም የሌለበት ነው። መልካም ሠራተኛ ስባሪዎቹን ራቅ ራቅ አድርጎ ክፍተቱን አይሸፍንም። አርባ ሳንቲ ሜትር ጠፍቷል ብሎ ይጽፋል፤ የጠፋበትን ቦታ ከቻለ ይለያል፣ ካልቻለም አለመቻሉን ይመዘግባል።

ኮሩን በውኃ ሲያረጥቡት የባሕሩ ወለል ይገለጣል። ፈዘዝ ያለ ነሐስ የመሰለ ፓይራይት በቀጫጭን ንብርብር ተኝቷል፤ በመካከሉ ብጫው የጠለቀ ካልኮፓይራይት እየተጠማዘዘ ያልፋል፣ መዳቡ ያለው እሱ ውስጥ ነው። ቡናማ ሙጫ የመሰለው ስፋለራይት ነው፤ ዚንኩ። ከዚያ በታች ንብርብሩ አልቆ አለቱ ጥቁር አረንጓዴ ይሆናል፤ ክሎራይት ነው፣ በየአቅጣጫው የተሰነጣጠቀ፣ ስንጥቆቹ በካልኮፓይራይት የተሞሉ። ሙቁ ውኃ የወጣበት ጉሮሮ ያ ነው። ከዚህ ጂኦሎጂስቱ አንድ ትልቅ ነገር ያውቃል። ጉሮሮው ከክምሩ በታች ካለ አለቱ እንደተፈጠረ ነው፤ ጉሮሮው ከላይ ሆኖ ከተገኘ እጥፋቱ ሁሉን ገልብጦታል፤ የሚቀጥለው ጉድጓድም ወደ ሌላ አቅጣጫ መቆፈር አለበት። አምስት ሳንቲ ሜትር በማይሞላ ድንጋይ ላይ አንድ ውቅያኖስ ወዴት እንደታጠፈ ይነበባል። ይህን አንብቦ በሁለት መስመር፣ ለምሳሌ ከዚህ ሜትር እስከዚህ ሜትር፣ ይህን ያህል ካልኮፓይራይት፣ ንብርብሩ ከኮሩ ዘንግ ጋር በዚህን ያህል ዲግሪ ብሎ የሚጽፍ እጅ ለእኔ የባለቅኔ ያህል ክብር አለው።

ቀጥሎ መሰንጠቅ ነው። ኮሩ በአልማዝ መጋዝ በቁመቱ ለሁለት ይከፈላል። መጋዙ በሰም መስመሩ ላይ አያልፍም፤ ከመስመሩ ትንሽ ወደ ጎን ብሎ ነው የሚያልፈው፣ መስመሩ እንዳይጠፋ። መስመሩን የያዘው ግማሽ ወደ ሳጥኑ ይመለሳል፤ ሌላው ግማሽ በከረጢት ታሽጎ ቁጥር ተሰጥቶት ወደ ላብራቶሪ ይሄዳል። ሁልጊዜም የሚሄደው ያው አንዱ ጎን ነው። ደንቡ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብጫው ማዕድን በአንድ ጎን በዝቶ ሲያይ እጁ ወደዚያ ላልሄደበት ሰው ትልቅ ነገር ነው።

በከረጢቶቹ መካከል ላብራቶሪው የማያውቃቸው እንግዶች ይገባሉ። በየሃያው ገደማ አንድ ወርቁ አስቀድሞ በትክክል የታወቀ ዱቄት፣ አንድ ደግሞ ምንም ወርቅ የሌለበት ድንጋይ። ለባዶው ከሚመረጡት አለቶች አንዱ ባዛልት ነው። ባዶው ድንጋይ ወርቅ አለው የሚል ውጤት ከመጣ መሣሪያው ቆሽሿል ማለት ነው፤ በዚያ ዙር ያለፉት ናሙናዎች ይደገማሉ።

ላብራቶሪው ውስጥ ደግሞ ጥንታዊ ሙያ አለ። ድንጋዩ ከጤፍ ዱቄት እስኪልም ይፈጫል፤ ከዚያ 30 ወይም 50 ግራም ተመዝኖ ከእርሳስ ኦክሳይድ፣ ከቦራክስ፣ ከሶዳና ከጥቂት የስንዴ ዱቄት ጋር ይደባለቃል። የስንዴ ዱቄቱ ሲቃጠል እርሳሱን ከኦክሲጅኑ ያላቅቀዋል። ከ1,000 ዲግሪ በላይ በሆነ እቶን ሲቀልጥ እርሳሱ እየዘነበ ወደ ታች ሲወርድ የወርቁን ቅንጣት ሁሉ ይዞ ይወርዳል። የእርሳሱ ቁራጭ ተነጥሎ ከአጥንት አመድ ወይም ከማግኒዥያ በተሠራ ትንሽ ጽዋ ላይ እንደገና ይሞቃል፤ እርሳሱ ወደ ጽዋው ይሰርግና ጽዋው ላይ አንዲት ነጥብ ትቀራለች። ወርቅ በእሳት ይፈተናል የሚባለው እዚህ ምሳሌ አይደለም። ያች ነጥብ ምን ያህል እንደምታንስ ለማሰብ ይህን ላስቀምጥ፤ በአንድ ቶን አለት አንድ ግራም ወርቅ ካለ በ30 ግራሙ ውስጥ ያለው ከአንድ ግራም ሚሊዮን እጅ 30 እጁ ብቻ ነው። ስለዚህ ናሙና የሚያዘጋጅ ሰው የጋብቻ ቀለበቱንና የአንገት ወርቁን አውልቆ ነው ወደ ሥራ የሚገባው። ከቀለበቱ የሚፋቅ የማይታይ ብናኝ አንድን ተራ ኮረብታ የወርቅ ተራራ ሊያስመስለው ይችላል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ምን እንደሚጠብቅ ዓለም በ1997 በከባድ ዋጋ ተምሯል። ብሬ ኤክስ የተባለ የካናዳ ኩባንያ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ቦርኒዮ ደሴት ላይ ቡሳንግ በሚባል ቦታ የዓለምን ትልቅ የወርቅ ክምችት አገኘሁ አለ። የአክሲዮኑ ዋጋ ተሰቅሎ ኩባንያው ከ6 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር በላይ ተገመተ። ኋላ ሌላ ኩባንያ ከዚያው ጉድጓድ አጠገብ ቆፍሮ ሲመረምር ለማውጣት የሚበቃ ወርቅ አጣ። ወርቁ ናሙናው ላይ ኋላ የተጨመረ ነበር። ቅንጣቶቹ በማጉያ ሲታዩ ጠርዛቸው የተድቦለቦለ ነው፤ ወንዝ ያንከባለለው ወርቅ እንጂ ከአለት የወጣ አይደለም። ይህን ያህል ጊዜ ሊደበቅ የቻለበት አንዱ ምክንያት ቀላል ነው፦ ኩባንያው ኮሩን ለሁለት አይከፍልም ነበር። ከሞላ ጎደል ሙሉውን ይፈጨው ነበር። ተመልሶ የሚታይ ግማሽ አልነበረም። ካናዳ በ2001 ያወጣችው የማዕድን ሪፖርት ደንብ፣ ብቁ ባለሙያ በስሙ ካልፈረመበት በስተቀር የማዕድን መጠን እንዳይነገር ያስገደደው ደንብ፣ የዚህ ውርደት ልጅ ነው። ተራኪምቲ ላይ የወጣው ሪፖርትም በዚሁ ደንብ ሥር ነው የተጻፈው።

በኖቬምበር 2020 የትግራይ ጦርነት ሲነሳ ተራኪምቲ አካባቢ ያለው ሥራ ቆመ። ደሴ በማግስቱ ዓመት ጦርነት ምን እንደሚያደርግ በራሷ ጎዳና አይታለች፤ በሰው ላይ ከደረሰው አንጻር ስለ ድንጋይ ሳጥን ማውራት ይከብዳል። ቢሆንም እላለሁ። ማዕድኑ በአሥር ዓመት መዘግየት አይበላሽም። የሚበላሸው መዝገቡ ነው። ሳጥኑ ከተገለበጠ፣ እንጨቶቹ ከተቀላቀሉ፣ ቁጥሩን ፀሐይ ካደበዘዘው፣ ያ ሁሉ ሜትር ለመንገድ ኮረት የሚሆን ድንጋይ ብቻ ነው። የኮር መጋዘን በአገራችን እንደ ቤተ መጻሕፍት ሊጠበቅ ይገባል፤ ጣሪያ፣ መደርደሪያ፣ ዘበኛና ዝርዝር መዝገብ ይኑረው። የግል ኩባንያ ፈቃዱ አልቆ ሲሄድም ግማሽ ኮሩ ለሕዝብ ይቅር። አንድ ሜትር ኮር ለማውጣት የሚፈሰው ገንዘብ፣ ውኃና ነዳጅ ሁለተኛ እንዲወጣ ማድረግ ድኻ አገር የማይችለው ብክነት ነው።

ምክንያቱም ሥራው አንድ ጊዜ የተሠራ አይደለም። አዲስ ባለሀብት ወይም የመንግሥት መርማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሳጥኖቹን ነው። አሥር ዓመት ያለፈውን ቁጥር አንስቶ ያንን ሜትር ያስከፍታል፤ የሰም መስመሩን ያያል፤ መዝገቡ ላይ ካልኮፓይራይት የተባለበት ቦታ ላይ ካልኮፓይራይት መኖሩን በመነጽሩ ያረጋግጣል። ከዚያ የቀረውን ግማሽ እንደገና በመጋዝ ለሁለት ያስከፍለዋል። አንዱ ሩብ በአዲስ ከረጢት፣ በአዲስ ቁጥር፣ ወደ ሌላ ላብራቶሪ ይሄዳል፤ ውጤቱም ከመጀመሪያው ሰው ቁጥር ጎን ይጻፋል። ሁለተኛው ሩብ መስመሩን እንደያዘ ለሦስተኛው መርማሪ ወደ ሳጥኑ ይመለሳል።